አንድ መንግሥት «ያ የዘር ማጥፋት ነበር» ሲል ምን ይለወጣል?

ጎንደር ላይ የታሪክ ክርክር ለመጀመር ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ማዘዝ ይበቃል። ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ የጣሊያን ሥራ ነው። ጥቂት እንደተራመዱ የፋሲል ግንብ ይመጣል። አጠገባችሁ የተቀመጡ አዛውንት ደርቡሽ ያቃጠላቸውን አድባራት በስም ሊቆጥሩላችሁ ይችላሉ። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ቤተሰብም በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ባለ ከተማ «የእገሌ አገር ፓርላማ ጭፍጨፋውን በዘር ማጥፋትነት እውቅና ሰጠው» የሚል ዜና ስልክ ላይ ብቅ ሲል፣ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። «የእኛንስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ወደ «የእኛ» ከመሄዳችን በፊት እውቅና የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይሻላል። ብዙ ሰው የፍርድ ቤት ብይንን፣ የፓርላማ ውሳኔንና የአንድ ፕሬዚዳንት መግለጫን አንድ ላይ ይቀላቅላቸዋል። ሦስቱ ግን በጣም ይለያያሉ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የውጭ አገር ዓመታትን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ፣ የአገራችንን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ስለሆነው ነገር ይህን ቃል ሁሉም ወገን ይጠቀምበታል። እዚህ እሱን አልዳኝም። ያ ሌላ ማስረጃና ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህኛው ስለ ቆየው ታሪክ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው

ወንጀሉን በስም የለየው ራፋኤል ሌምኪን የሚባል ፖላንዳዊ የሕግ ሰው ነው። ቃሉ በ1944 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘር ማጥፋትን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ስምምነት ተቀበለ። ይህን ስምምነት ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ማን ናት? ኢትዮጵያ። ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። ከፋሺስት ወረራ ከወጣን ገና ስምንት ዓመታችን ነበር። ይህን ለምን በትምህርት ቤት እንዳልነገሩን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስምምነቱ አራት ዓይነት ቡድኖችን ይጠብቃል። በብሔር፣ በጎሳ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የሚለዩትን። ወንጀል የሚሆኑ ድርጊቶች ደግሞ አምስት ናቸው። የቡድኑን አባላት መግደል፤ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ማድረስ፤ ሆን ብሎ ለጥፋት በሚዳርግ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ማስገባት፤ እንዳይወልዱ ማድረግ፤ ልጆቻቸውን በኃይል ወስዶ ለሌላ ቡድን መስጠት።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው ቡድኑን «በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ» መሆን አለበት። ያውም ቡድኑን ቡድን በመሆኑ ብቻ። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ገዳዩ ምን አደረገ ብቻ ሳይሆን ምን አስቦ አደረገ ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥር ነው። «ይህን ያህል ሰው አልቆ እንዴት ዘር ማጥፋት አይባልም?» ይላል። ሕጉ ቁጥር አይጠይቅም። ሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ቦስኒያ ውስጥ ስሬብሬኒትሳ ላይ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ይህን የዘር ማጥፋት ብለውታል። ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሰው ያለቀባቸው ጦርነቶች ደግሞ ያንን ስም አላገኙም። ሐሳቡ አልተረጋገጠማ። ይህ ማለት የሞቱት ያንሳሉ ማለት አይደለም። «የጦር ወንጀል»ና «በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል» የሚባሉትም እኩል ከባድ ወንጀሎች ናቸው። እኛ ጋ ግን ከዘር ማጥፋት በታች ያለ ስም ሁሉ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይህ ነገር በእኔ እምነት ብዙ ጎድቶናል።

እውቅና የሚሰጠው ማን ነው?

መጀመሪያ ፍርድ ቤት አለ። ፍርድ ቤት ማስረጃ ይሰማል፣ ምስክር ይጠይቃል፣ ተከሳሽ ይከራከራል። በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት የመጀመሪያው ሰው የተፈረደበት መስከረም 2 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ነው። ዣን ፖል አካዬሱ የሚባል የሩዋንዳ ከንቲባ ነበር። ችሎቱም አሩሻ ላይ ተቀመጠ። አገርን የሚከስ መድረክም አለ፤ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው። ቦስኒያ ሰርቢያን እዚያ ከሰሰች። በ2007 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ስሬብሬኒትሳ ላይ የዘር ማጥፋት ተፈጽሟል አለ። ሰርቢያ ግን እንደ መንግሥት ራሷ አልፈጸመችውም ብሎ ወሰነ። ጥፋቷ አለመከላከሏና አለመቅጣቷ ነው ተባለ። ያን ያህል የጠበበ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ፓርላማ አለ። ፓርላማ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። አንዳንዱ ውሳኔ አቋም መግለጫ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕግ ሆኖ ይወጣል። ለምሳሌ ፈረንሳይ ጥር 29 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፈረንሳይ የ1915ቱን የአርመን ዘር ማጥፋት በይፋ ታውቃለች ይላል፤ አለቀ። ቅጣት የለውም፣ ካሳ የለውም።

ሦስተኛው የመንግሥት መሪ ወይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሚናገረው ነው። ከሁሉም በቶሎ የሚገኘው ይኼ ነው። በቶሎም ሊነፍስ ይችላል።

የዚህ ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው፤ መተማን ተሻግሮ ያለችው ሱዳን። መስከረም 9 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ሴኔት ፊት ቀርበው ዳርፉር ላይ የዘር ማጥፋት ተፈጽሟል አሉ። በዚያው ንግግራቸው ይህ ድምዳሜ አሜሪካን ወደ አዲስ እርምጃ እንደማያስገድዳት ተናገሩ። ቃሉም ወጣ፣ ግዴታውም ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ስለ ሱዳን ያንኑ ቃል እንደገና ተጠቀመች፤ በዚህ ጊዜ ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ላይ። ያኔ ከጦርነቱ የሸሹ ሱዳናውያን በምዕራብ ጎንደር ተጠልለው ነበር።

በሩዋንዳ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. በመቶ ቀን ውስጥ እስከ 800,000 ሰው ሲታረድ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ቃሉን ላለመጥራት ይጨነቁ ነበር። «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ማለትን መረጡ። ለምን? ስምምነቱ ፈራሚዎቹን «ተከላከሉ» ስለሚል። እየሆነ ያለን ነገር ዘር ማጥፋት ማለት ሥራ ያስከትላል። ያለፈን መጥራት ግን ይቀላል። መንግሥታት መቶ ዓመት ስላለፈው በድፍረት የሚናገሩት አንድም ለዚህ ነው።

አርመኖችና መቶ ዓመቱ

እውቅና ሲባል በዓለም ላይ ትልቁ ምሳሌ የአርመኖች ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. የኦቶማን መንግሥት በቁስጥንጥንያ የአርመን ምሁራንንና መሪዎችን ሰብስቦ አሰረ። ከዚያ በየክፍለ አገሩ ወንዶቹ ተገደሉ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በእግር ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። በረሃብ፣ በጥምና በጥቃት መንገድ ላይ ረገፉ። የሟቾቹን ቁጥር ተመራማሪዎች ከ600,000 እስከ 1.5 ሚሊዮን ባለው ውስጥ ያስቀምጡታል።

የቱርክ መንግሥት እስከ ዛሬ «ዘር ማጥፋት አይደለም» ይላል። በጦርነት ጊዜ የሁለቱም ወገን ሰው አልቋል፤ ማፈናቀሉም የደኅንነት እርምጃ ነበር ነው ክርክሩ። አብዛኞቹ የመስኩ ታሪክ አጥኚዎች ይህን አይቀበሉም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ እውቅና የሰጠችው ኡራጓይ ናት፤ በ1965 እ.ኤ.አ.። የአውሮፓ ፓርላማ በ1987፣ ፈረንሳይ በ2001፣ ጀርመን በ2016 ተከተሉ። አሜሪካ የመጣችው በ2019 እና በ2021 ነው። ኡራጓይ ከቱርክ ጋር የምትካፈለው ብዙ ጉዳይ የላትም። አሜሪካ ግን ቱርክ ውስጥ የጦር ሰፈር አላት፤ በኔቶም አብረው ናቸው። ባራክ ኦባማ በ2008ቱ ምርጫ ቃሉን እንደሚጠቀሙ ቃል ገቡ። ሥልጣን ላይ ስምንት ዓመት ቆይተው አልተጠቀሙትም።

ታዲያ በ2019 ምን ተገኘ? አዲስ ሰነድ? የለም። በዚያ ጥቅምት ወር ቱርክ ሰሜን ሶርያ ገባች፤ ዋሽንግተን ተቆጣች። ሳምንታት ሳይቆይ የአሜሪካ ምክር ቤት በ405 ለ11 ድምፅ እውቅናውን አሳለፈ። ታኅሣሥ ላይ ሴኔቱ ደገመው። ሚያዝያ 24 ቀን 2021 ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን በይፋ ተናገሩት። ማስረጃው ያው የዱሮው ነው። የተለወጠው ጊዜው ነው። ስለዚህ «እገሌ አገር እውቅና ሰጠ» ሲባል እኔ ቶሎ የማየው ቀኑን ነው። ለምን ዛሬ?

የጀርመን ግን ለየት ይላል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመን የኦቶማኖች አጋር ነበረች፤ እያወቀች ዝም አለች። በ2016 የወጣው የፓርላማ ውሳኔ ይህንንም ጠቅሷል። ቱርክ አምባሳደሯን ወዲያው ጠራች። የራስን ድርሻ ጨምሮ የሚናገር እውቅና ዋጋው ከፍ ይላል ብዬ አስባለሁ።

እኛ ጋ ሽማግሌ ገብቶ ደም ሲደርቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የገዳይ ወገን ነው። «ገድለናል» ካላለ እርቁ አይጀመርም። የጎረቤት መንደር ተሰብስቦ «አዎ፣ ገድለዋል» ቢል የሟችን ቤተሰብ ያጽናናል፤ ደሙን ግን አያደርቅም። ከሠላሳ በላይ አገሮች ለአርመኖች ያደረጉት የጎረቤቱን ነው።

ኢትዮጵያስ? ከእነዚህ አገሮች ውስጥ የለችም። የሚገርመው፣ ከአርመን ጋር ያለን ነገር ከብዙዎቹ ይበልጣል። በጎንደር ዘመን ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ የነገሥታቱ መልእክተኛ ሆኖ እስከ ሩቅ ምሥራቅ፣ ደቾች እስከሰፈሩበት ባታቪያ ድረስ ተመላልሷል። በእምነትም እህትማማች አብያተ ክርስቲያናት ነን። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም ውስጥ ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አመጡ። አርመናዊው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንዲያን እያስተማራቸው የቤተ መንግሥቱ የናስ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይታወሳሉ። ልጆቹን አስጠግተን ስለ ወላጆቻቸው ምንም አላልንም። ከቱርክ ጋር ያለን ንግድና ወዳጅነት ሲታይ ምክንያቱ አይጠፋም። ግን ሌላውን «ለምን አታውቅልንም?» ለማለት የሚነሳ ሰው ይህንንም ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

እውቅና ከተሰጠ በኋላስ ምን ይመጣል? በቀጥታ ብዙ ነገር አይመጣም። ካሳ ራሱን ችሎ የሚሄድ ድርድር ወይም ክስ ይፈልጋል። የመማሪያ መጽሐፍ ይስተካከላል፤ መታሰቢያ ይቆማል፤ ቀን ይወሰናል። «አልሆነም» የሚልን መቅጣትም ይሞከራል፤ ይህ ግን አከራካሪ ነው። ፈረንሳይ እንዲህ ያለ ሕግ ስታወጣ የራሷ ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ሻረው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2015 ስዊዘርላንድ «አልሆነም» ያለን ሰው በቀጣችበት ጉዳይ የመናገር ነፃነትን ወገን ያዘ።

«አጥፍተናል» ያለችው ጀርመን

አጥፊው ራሱ ሲናገር ምን እንደሚመስል ለማየት ናሚቢያን ማየት ነው። ጀርመን ቅኝ ገዢ በነበረችበት ጊዜ፣ ከ1904 እስከ 1908 እ.ኤ.አ.፣ የሄሬሮና የናማ ሕዝቦችን አረደች፤ በረሃ ነድታ አስጠማች፤ ሻርክ ደሴትን በመሳሰሉ ካምፖች አጎረች። ጥቅምት 2 ቀን 1904 ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ ትእዛዝ ጻፈ። በጀርመን ክልል ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ሄሬሮ፣ ጠመንጃ ይያዝም አይያዝም፣ ይገደላል የሚል ነው። የቡድኑ ስም በወረቀት ላይ ሰፍሯል። የማጥፋት ሐሳብን ማረጋገጥ ከዚህ በላይ አይቀልም።

ቢሆንም የጀርመን መንግሥት በይፋ «ዘር ማጥፋት» ያለው ግንቦት 28 ቀን 2021 ነው። ያውም በጥንቃቄ፦ «ከዛሬ አንጻር ሲታይ» ተባለ። እዚህች ሐረግ ውስጥ ጠበቃ ተቀምጧል። በ1904 ሕጉ ስላልነበረ የሕግ ዕዳ የለብኝም፣ የሞራል እንጂ ማለት ናት። ገንዘቡም 1.1 ቢሊዮን ዩሮ በ30 ዓመት ሆኖ «የካሳ ክፍያ» የሚለውን ስም አላገኘም፤ የልማት ድጋፍ ተባለ። ብዙ የሄሬሮና የናማ መሪዎች ተቆጡ። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲደራደር ዋናዎቹ ባለጉዳዮች እኛ ገበታው ላይ አልነበርንም አሉ። ልክ ናቸው። እውቅናን መንግሥት ለመንግሥት ሲሰጠው የሟች ልጅ በር ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ወደ ጎንደር

ከፒያሳው ክርክር ሦስት ጉዳዮችን ልውሰድ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው።

የቀይ ሽብሩ ፍርድ አግኝቷል። ጎንደር በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ያየችውን ለማወቅ እናቶቹ የገጠሙትን ሙሾ የሚያስታውስ ሰው መጠየቅ ይበቃል። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ደርግ ራሱ የጻፋቸውን የግድያ ትእዛዞች ሰበሰበ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በኋላ በእስር ላይ ለነበሩት የሞት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። መንግሥቱ ግን ዚምባብዌ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጉድ አለ። ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠብቅም። በ1948 እ.ኤ.አ. ሲረቀቅ ሶቭየት ኅብረትና ሌሎችም ተቃውመው እንዲወጣ ተደርጓል። የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረ። ኢሕአፓ ናችሁ ተብለው የተገደሉት ወጣቶች ጉዳይ በዘር ማጥፋት የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንኳ በሐሳብ ተለይተዋል። ሄግ ቢሄድ ያው ድርጊት በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ይባል ነበር። የእኛ ሕግ በዚህ ከዓለም ሰፋ ይላል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውም የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 269፣ የፖለቲካ ቡድንን እንደያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ደግሞ እንዲህ ያለ ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል።

ደርቡሹ ከሁሉም ያስቸግራል። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሹ አዛዥ የአቡ አንጃ ጦር ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ብዙ ሰው በባርነት ተነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። እውቅና ይስጥ ቢባል ግን ማን ይስጥ? ደርቡሾቹን ያዘመተውን የሱዳን መሐዲስት መንግሥት እንግሊዝና ግብፅ በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ አጠፉት። የዛሬዋ ሱዳን ወራሹ ነኝ አትልም። ተጠያቂ አድራሻ የሌለው ታሪክ በታሪክ መጽሐፍ ይኖራል እንጂ ፓርላማ አይደርስም።

ጣሊያን ግን አድራሻ አላት። ክርክሩም እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ሰነዱ ሞልቷል። ሐምሌ 8 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በቴሌግራም በአማፅያንና በተባባሪ ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በዘዴ እንዲያካሂድ ፈቀደ። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ተረጨ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን ሰው ታረደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ መዝግቧል። ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስ ተራ ደረሰው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው የጻፉት ቁጥር ብቻ፣ መነኮሳትና ዲያቆናት ተደምረው 449 ነው፤ የኋላ ጥናቶች ከዚያ በብዙ ከፍ ያደርጉታል። በዚያው ሰሞን ጠንቋይ፣ ባሕታዊና እየዞረ የሚዘፍን፣ ወሬ የሚያወራ ሁሉ እንዲገደል ታዘዘ። የጣሊያንን መጨረሻ እየተነበዩ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ተብለው ነው። አዝማሪ ለሚኖርባት ጎንደር ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

አሁን የቴሌግራሙን ቃል ከፎን ትሮታ ጋር አስተያዩት። ጀርመናዊው «ማንኛውም ሄሬሮ» አለ። ሙሶሊኒ «አማፅያንና ተባባሪ ሕዝብ» አለ። «ዘር ማጥፋት ነው» የሚለውና «አይደለም» የሚለው የሚጋጩት እዚህች ልዩነት ላይ ነው። አንዱ ወገን፣ የተነጣጠረው ተቃውሞው እንጂ ሕዝቡ በሕዝብነቱ አይደለም ይላል። ሌላው፣ ተባባሪ ተብሎ ያልተፈረጀ ማን ነበር፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ የተረሸኑት ዲያቆናትስ ምን አማፅያን ናቸው ይላል። ሁለቱም የሚያስኬድ ነው። ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራም ይህን የሚቆርጥ ፍርድ ቤት አይገኝም። የሚቀረው ፓርላማ ነው።

ጣሊያን እስካሁን ምን አለች? በ1947 እ.ኤ.አ. በሰላም ውሉ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ጋዝ መጠቀሟን መከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ። የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አሥር ስሞች አቅርባ ነበር፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ነበሩበት። አንዱም ስለ ኢትዮጵያ ችሎት ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በአገሩ ተፈረደበት፤ ግን ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱም በወራት ውስጥ ወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ሠራችለት።

ስለዚህ የጎንደር ሰው ፒያሳ ተቀምጦ «የእኛንስ?» ቢለኝ መልሴ እንዲህ ነው። ለሮም የሚጻፍ ጥያቄ ዘር ማጥፋት በሚለው ቃል ከጀመረ ክርክሩ ስለ ቃሉ ይሆናል፤ ጣሊያኖቹም ለሃምሳ ዓመት በደስታ ይከራከሩበታል። በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀልና የጦር ወንጀል ከተባለ ግን በር የሚዘጋ ክርክር የላቸውም። ቴሌግራሞቹ የራሳቸው ናቸው። ፊርማው የራሳቸው ነው። የደብረ ሊባኖሱን ቁጥር የቆጠሩትም እነሱ ናቸው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ያንን አስፈርማለሁ።